የኔታ የሌለበት መጽሐፍ፦ የአጠቃቀም መግለጫ ከባሕረ ሐሳብ እስከ ሰው ሠራሽ ወኪል፣ ከባሌ ደጋ ሲታይ

መነሻ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሌ የሚሄድ መንገደኛ አውቶቡስ ተራ ደርሶ «ሮቤ» ብቻ ቢል፣ ትኬት ቆራጩ «የትኛው ሮቤ?» ይለዋል። አርሲም ሮቤ አለ፤ ባሌም ሮቤ አለ። ስለዚህ መንገደኛው «ባሌ ሮቤ» ማለትን ይለምዳል። 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከተማው ከገባ በኋላ ግን «ባሌ ሮቤ» ቢል ሰው ይስቅበታል። ስሙ ብቻውን ጎዶሎ ነው፤ ጎዶሎውን የሚሞላው አንዳንዴ የሌላው ሰው ጥያቄ፣ አንዳንዴ ደግሞ የቆሙበት ቦታ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ጠያቂም ቦታም በሌለበት ስለሚነበብ ጽሑፍ ነው። ይኸውም የኮምፒውተር መሣሪያዎች፣ ማለትም አንድ የተወሰነ ሥራ የሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ምን እንደሚሠሩና ምን እንደሚቀበሉ የሚገልጸው የአጠቃቀም መግለጫ ነው። ዛሬ ይህን መግለጫ የሚያነበው ሰው ብቻ አይደለም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለው «ወኪል» የሚባለው ፕሮግራም መግለጫውን አንብቦ መሣሪያውን ራሱ ይጠቀምበታል። ጉዳዩ ለኮምፒውተር ባለሙያዎች የሚተው ነው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። እኔም እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የራሴ ስሕተት ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ጥር 3 ቀን፣ ቅዳሜ

ቀድሞ ያስተማርኩት አንድ ወጣት ዛሬ ሮቤ ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምራል። ሁለት ትንንሽ መሣሪያዎች ሊሠራ አሰበ። አንደኛው የአጽዋማትን ቀን የሚያወጣ፣ ሁለተኛው በሮቤና በሲናና ዙሪያ ካሉ ገበሬዎች የተሰበሰበ የስንዴ ምርት መዝገብን የሚያነብ ነበር። ሁለቱንም ከአንድ ወኪል ጋራ ሊያገናኛቸው ፈለገና፣ «ጋሼ፣ መግለጫውን እርስዎ ይጻፉልኝ፤ እኔ ፕሮግራሙን እጽፋለሁ» አለኝ። ደስ አለኝ። በልጅነቴ ጎባ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ ባሕረ ሐሳብን ተምሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ያቅተኛል ብዬ አልጠረጠርኩም።

አስቀድሞ የወኪሉን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ወኪሉ የፕሮግራሙን ውስጥ አያይም። የሚሰጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የመሣሪያው ስም፣ ምን እንደሚሠራ የሚናገሩ ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች፣ እንዲሁም የሚቀበላቸው ነገሮች ዝርዝር ከነዐይነታቸው። አንድ ሰው «የዘንድሮ ነነዌ መቼ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ወኪሉ ከቀረቡለት መሣሪያዎች የሚስማማውን በመግለጫው ብቻ ይመርጣል፤ ዓመቱን ራሱ ይሞላል፤ ፕሮግራሙ የመለሰውንም አንብቦ በራሱ ቃል ለጠያቂው ያቀርባል። መግለጫው ጎዶሎ ሲሆን መልሶ መጠየቅ ቢችልም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ጎዶሎውን እርሱ በመሰለው መሙላት ነው። ይህን ዐይነት አሠራር ኦፕን ኤአይ እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ሁሉ አቀረበ። አንትሮፒክ ደግሞ በኖቬምበር 2024 ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተባለውን፣ መሣሪያዎች ራሳቸውን ለወኪሎች የሚገልጹበትን የጋራ ደንብ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ጥቂት መስመር መግለጫ መጻፍ የፕሮግራሙ የማያስፈልግ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የፕሮግራሙ በር ሆነ።

እኔ የጻፍኩት ይህ ነበር፦

«ዓመተ ምሕረቱን በ5500 ላይ ደምር። ድምሩን ለ19 ግደፍ፤ ቀሪው መደብ ነው። ከመደቡ አንድ አጕድል፤ ወንበር ይሆናል። ወንበሩን በ19 አብዛና ለ30 ግደፍ፤ ቀሪው መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። የዋለበትን ዕለት ተውሳክ በመጥቅዑ ላይ ደምር፤ መባጃ ሐመር ይሆናል። መጥቅዕ በመስከረም ከዋለ ነነዌ በጥር፣ በጥቅምት ከዋለ በየካቲት ይገባል።»

የተውሳኩንም ሰንጠረዥ ጨመርኩ፤ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6 እያለ ዓርብ 2 ላይ ይደርሳል። ከዚያ በ2013 ዓ.ም. ፈተንኩት። 5500 ሲጨመር 7513 ነው፤ ለ19 ሲገደፍ 8 ይቀራል፤ ወንበሩ 7፣ መጥቅዑ 13 ይሆናል። 13 ከ14 ስለሚያንስ መጥቅዕ በጥቅምት ዋለ። ጥቅምት 13 ቀን 2013 ዓርብ ነበር፤ ተውሳኩ 2 ነው፤ ነነዌ የካቲት 15 ቀን ገባች። በእርግጥም በዚያው ቀን ነበር የገባችው። ረክቼ ሰጠሁት። ወጣቱም መግለጫዬን ቃል በቃል ተከትሎ ፕሮግራሙን ጻፈ።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጎባ የሚኖሩ አንዲት ዘመዱ በስልኩ ወኪሉን ጠየቁት። ወኪሉም «የ2017 ዓ.ም. ጾመ ነነዌ ጥር 3 ቀን ይገባል» አላቸው፤ ያለ አንዳች ጥርጣሬ። እትዬ ሳቁና «ነነዌ ከመቼ ወዲህ ነው ቅዳሜ የሚገባው?» አሉ። ጥር 3 ቅዳሜ ነበር። ነነዌ ደግሞ ሁልጊዜ ሰኞ ነው።

ስሕተቱ የወኪሉ አልነበረም፤ የወጣቱም አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. ወንበሩ 11፣ መጥቅዑ 29 ነው፤ መስከረም 29 ረቡዕ ዋለ፤ ተውሳኩ 4 ነው። ድምሩ 33 ሲሆን 30 ይገደፍና 3 ይቀራል። ድምሩ ከ30 ካለፈ ግን ወሩም አብሮ ያልፋል፤ ነነዌ በየካቲት 3 እንጂ በጥር 3 አትገባም። ይህ ሕግ በባሕረ ሐሳብ ትምህርት የታወቀ ነው። የጎደለው በእኔ ጽሑፍ ውስጥ ነው። የጎደለበትንም ምክንያት ሳስበው ትዝ ይለኛል፦ የኔታ ይህን በቃል አስጠንተውን አያውቁም ነበር። ተማሪው በጣቱ እየቆጠረ ከ30 ሲያልፍ ብቻ «እህ፣ አለፈ'ኮ፤ ተሻገር!» ይሉ ነበር። ዕውቀቱ በጥቅሱ ውስጥ ሳይሆን በየኔታ ዐይን ውስጥ ነበር።

ተመልሼ ስመረምረው ሌሎችም ተገኙ። መደብ 1 ሲሆን ወንበር ባዶ ይሆናል፤ ባዶ በ19 ቢበዛ ባዶ ነው፤ መጥቅዕ ባዶ ቀን ሊውል አይችልም። ደንቡ ያን ጊዜ መጥቅዕ 30 ይሁን ይላል። በ2006 ዓ.ም. እንዲህ ሆኖ ነበር፤ መጥቅዕ መስከረም 30 ሐሙስ ዋለ፣ ነነዌም የካቲት 3 ገባች። ቀጣዩ 2025 ዓ.ም. ነው። መግለጫዬ ሳይታረም ቢቀር ኖሮ ስሕተቱ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነበር፤ እኔም ምናልባት በሕይወት አልኖርም። መስከረም 1 የሚውልበትን ዕለት ለማግኘት ዓመተ ዓለሙን ከሩብ ቁጥሩ ጋራ ደምረን ለ7 ስንገድፍ ደግሞ፣ ቀሪው 1 ሲሆን ዕለቱ ማክሰኞ ነው። እሑድም ሰኞም አይደለም። በዚህ ስሌት ላደገ ሰው ይህ ከመነገር በላይ ግልጽ ስለሆነ አይጻፍም። ያልተጻፈ ከሆነ ግን እንግዳው አንባቢ ከእሑድ ወይም ከሰኞ ይጀምራል።

የታረመው መግለጫ ሕጎቹን ብቻ ሳይሆን ማረጋገጫዎችን ጭምር ይዟል፦ «አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልሆኑ ስሌቱ ተሳስቷል። የተገኘው ቀን ሰኞ ካልዋለ ስሌቱ ተሳስቷል፤ ለጠያቂው አትንገር።» የእትዬን ሳቅ ወደ ጽሑፍ ማዛወር ማለት ይህ ነው።

ምልክትና ቀይ ቀለም

ከዚህ በመነሣት የቀደመውን የጽሑፍ ልማዳችንን በሌላ ዐይን ማየት ይቻላል። የድጓ ምልክት ከቃላቱ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፍ ነው። ዜማውን ለሚያውቅ አንዲት ወይም ሁለት ፊደል አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግን ታስታውሰዋለች፤ ለማያውቅ ግን ምንም አትነግረውም። በ16ኛው መቶ ዓመት በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደረሰ በሊቃውንቱ ይነገራል። ምልክቱ እስከ ዛሬ የሚያገለግለው መምህር ስላለ ነው። አንድምታውም እንዲሁ ለብዙ ዘመን በቃል ሲወርድ ኖሮ በኋላ የተጻፈ ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልቆጥረውም። ብራና ውድ ነው፤ መምህር ደግሞ አለ። መምህር ባለበት ሁሉን መጻፍ ብራናን ማባከን ነው።

ይሁን እንጂ ያው ልማድ ለወኪሎች ጸሐፊ የሚሆን አንድ ትልቅ ነገር አውርሶናል፤ እርሱም ቀይ ቀለም ነው። በመጽሐፈ ቅዳሴ ውስጥ «ይበል ካህን»፣ «ይበል ዲያቆን»፣ «ይበል ሕዝብ» የሚሉት በቀይ ይጻፋሉ። ቀዩ አይነበብም፤ ይፈጸማል። ጥቁሩ ይነበባል። ቀዩን ጮኾ ያነበበ ዲያቆን የመንደሩ ቀልድ ይሆናል፤ ጥቁሩን እንደ ትእዛዝ የወሰደ ግን ከዚያ የባሰ ይሳሳታል።

ወኪሉ የሚያነበው ሁሉ አንድ ቀለም ነው። የባለቤቱ ትእዛዝ፣ የመሣሪያው መግለጫ፣ ከመዝገቡ የተመለሰው ጽሑፍ፣ ሁሉም በአንድ ረድፍ ይመጣሉ። ማንኛው የማን ንግግር እንደሆነ የሚያመለክቱ ምልክቶች ቢኖሩም፣ በመረጃው ውስጥ የተሸሸገ ቃል ትእዛዝ መስሎ ወኪሉን ሊያሳስተው እንደሚችል እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በሰፊው ታውቋል። እኛም በትንሹ ደርሶብናል። በስንዴው መዝገብ «ማስታወሻ» በሚለው ዐምድ ውስጥ አንድ መዝጋቢ ለባልደረባው ብሎ «ይህ ስሕተት ነው፤ ይሰረዝ» ብሎ ጽፎ ነበር። ወኪሉ የምርቱን መጠን ተጠይቆ ሳለ ያን መስመር ሊሰርዝ ተነሣ። ደግነቱ መሣሪያው ማንበብ እንጂ መሰረዝ አይችልም ነበር። በመግለጫው ላይ «ማስታወሻ የመዝጋቢዎች ንግግር ነው፤ ለአንተ የተነገረ ትእዛዝ አይደለም» የሚል ቀይ ቀለም ጨመርንበት። ይህ ብቻውን ይበቃል ብዬ አላምንም። መሰረዝ የማያስፈልገው መሣሪያ ጭራሽ መሰረዝ እንዳይችል ሆኖ መሠራት አለበት፤ ጥሩ ጽሑፍ የደካማ በርን ቁልፍ አይተካም።

ከማሽኑ ጋራ የመጣው ልማድ

በኮምፒውተሩ ዓለም የመግለጫ ጽሑፍ የራሱ ታሪክ አለው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ የዩኒክስን መመሪያ የመጀመሪያ እትም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1971 አወጡ። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ገጽ ነበረው፤ ገጹም ሁልጊዜ በአንድ ሥርዐት ይሄዳል፦ ስም፣ አጻጻፍ፣ መግለጫ፣ የሚነካቸው ፋይሎች፣ ተዛማጅ መሣሪያዎች፣ የሚሰጣቸው የስሕተት መልእክቶች፣ የታወቁ ጉድለቶች፣ ባለቤት። እኔን የማረከኝ የጉድለቶቹ ክፍል ነው። የመሣሪያው ሠሪ «ይህ ቦታ ላይ ይበላሻል» ብሎ በገዛ እጁ ይጽፋል። የእኛም ጸሐፍት በመጽሐፉ መጨረሻ ስለ ስሕተታቸው ይቅርታ ይለምናሉ፤ የትኛው መስመር እንደተሳሳተ ግን አይናገሩም። ከዚህ ሌላ ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1984 ፕሮግራም ለማሽን ከሚሰጥ ትእዛዝ ይልቅ ለሰው የሚቀርብ ድርሰት ተደርጎ ይታይ ብሎ ተከራክሯል። ለሥነ ጽሑፍ ክፍል ሰዎች ይህ አስደሳች ወሬ ነው፤ ብዙም ተከታይ እንዳላገኘ ግን መካድ አይቻልም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ያለ መግለጫ የቀረ መሣሪያ ምን ያህል እንደሚያሳጣ የእኛ ትውልድ በራሱ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያና በ1990ዎቹ ፊደላችንን በኮምፒውተር የሚጽፉ ብዙ ፕሮግራሞች ወጡ። ሁሉም በጎ ሥራ ነበሩ። ነገር ግን እያንዳንዱ ለ«ሀ» የራሱን ቁጥር ሰጠው፤ የብዙዎቹም የቁጥር ሰንጠረዥ ለሕዝብ አልተገለጸም። በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ይሆናል። በዚያው ዘመን ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለውን፣ ፊደላችንን በተራ የላቲን ፊደል የመወከያ ደንብ ከነሰንጠረዡ ለማንም ግልጽ አድርገው አቀረቡ። ትንሹ የላቲን ፊደል ለ«ት»፣ ትልቁ ለ«ጥ» እያለ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ውበት አልነበረውም፤ ሰንጠረዡ በእጁ ያለ ሰው ሁሉ ግን ጽሑፉን መልሶ ማውጣት ይችል ነበር። ዩኒኮድ ፊደላችንን በ3.0 እትሙ ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በኋላ ችግሩ ለአዲስ ጽሑፎች ቀለለ።

ለአሮጌዎቹ አልቀለለም። ከጎባና ከዲንሾ አረጋውያን የሰበሰብኩት ሥነ ቃል ስድስት ዲስኬት ላይ ተኝቷል። ዲስኬቶቹን የሚያነብ ማሽን አግኝቼ ፋይሎቹን አውጥቻለሁ፤ ፊደሉን ግን ማንበብ አልቻልኩም። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች የት እንደገቡ አላውቅም፤ ሰንጠረዣቸው አልታተመም። ወጣቱ ጓደኛዬ በወኪሉ እየታገዘ ከተደጋገሙት ምልክቶች ተነሥቶ ሊፈታው ሞክሯል፤ የተወሰነው ተፈቷል። ከተናጋሪዎቹ አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። አንዲት ገጽ ሰንጠረዥ ብትኖር ኖሮ ይህን አንቀጽ ባልጻፍኩ ነበር።

ገና፣ ቦና፣ ጋሻ

ሁለተኛው መሣሪያ፣ የስንዴው መዝገብ፣ ከባሕረ ሐሳቡ የበለጠ አስቸገረን። ባሕረ ሐሳብ ቢያንስ በአንድ ሥርዐት የተደነገገ ስሌት ነው። የስንዴው መዝገብ ግን የሰው ንግግር ነው።

በሮቤ ዙሪያና በሲናና ደጋ ገበሬው በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለው ወቅት በአካባቢው «ገና»፣ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ያለው «ቦና» ይባላል። ቃላቱ ኦሮምኛ ናቸው። ችግሩ በሌላው ኦሮምኛ ተናጋሪ አገር ብዙ ቦታ «ቦና» ማለት ደረቁ በጋ፣ «ገና» ማለት ደግሞ ክረምት መሆኑ ነው። ወኪሉ ኦሮምኛን የተማረው ከብዙ አገር ጽሑፍ ስለሆነ «የቦና ስንዴ» የሚለውን «በበጋ በመስኖ የለማ ስንዴ» ብሎ ተረዳው። መልሱም ለሰሚው የሚያሳምን ነበር፤ ስለ መስኖ ስንዴ አንድ አንቀጽ ማብራሪያ እንኳ አክሎበታል። በባሌ ደጋ የቦናን ስንዴ የሚያበቅለው ግን ዝናብ ነው።

«ገና»ማ ከዚህ የባሰ ነው። በፊደላችን ሲጻፍ የልደት በዓልም «ገና» ነው፤ «እስካሁን አልሆነም» የምንልበትም «ገና» ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያመለክትም። «የገና ምርት አልተመዘገበም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አንባቢዬ ስንት መንገድ ሊፈታው እንደሚችል ይቍጠር። ለባለ ቅኔ ይህ ግሩም ኅብረ ቃል ነው። በመግለጫ ጽሑፍ ውስጥ ግን ኅብር ጥፋት ነው። በዚህ ረገድ የመግለጫ ጽሑፍ እኛ ክፍል ውስጥ ከምናስተምረው ነገር ሁሉ ጋራ የተጣላ ዘውግ ነው። ዳሩ ግን ኅብሩ የት እንዳለ ማየት የሚችለው ኅብር መፍታትን የተማረ ሰው ነው። ወጣቱ ኮምፒውተሩን በሚገባ ያውቃል፤ «ገና» ሦስት ቃል መሆኑን ግን እኔ ነኝ ያሳየሁት።

መፍትሔው ቃላቱን ማጥፋት አልነበረም። «በልግ» እና «መኸር» ብለን እንተካቸው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ (የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት) ከመስከረም እስከ የካቲት የሚሰበሰበውን ሰብል መኸር፣ ከመጋቢት እስከ ጳጉሜን የሚሰበሰበውን በልግ ብሎ ደንግጓል። ግልጽ ድንጋጌ ነው፤ በአዝመራ መሰብሰቢያ ወር ስለሚለይ ለሁሉም አገር ይሠራል። ነገር ግን ወኪሉን የሚጠይቁት ገበሬዎች «ቦና» ነው የሚሉት። የሚጠይቁበትን ቃል የማያውቅ መሣሪያ ለእነርሱ እንደሌለ ነው። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ አስቀምጠን ወራቱን ከጎኑ ጻፍን።

«መዳ ወላቡ» የሚለው ስምም ችግር አመጣ። በኦሮሞ ታሪክ የታወቀ ቦታ ነው፤ በሮቤ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ወረዳም ነው፤ ከሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ የዳቦ ስንዴ ዝርያም ነው። «መዳ ወላቡ ስንት ሰጠ?» ተብሎ ሲጠየቅ ወኪሉ የወረዳውን ምርት ፈለገ። ገበሬው የጠየቀው ስለ ዘሩ ነበር።

ዓመቱም አለ። «2017» ብሎ የጻፈ መዝጋቢ ዓመተ ምሕረትን ማለቱ ነው፤ ወኪሉ ግን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ የፈረንጁን 2017 ፈለገ። ዓመተ ምሕረት መሆኑ ከታወቀም በኋላ፣ የበጀት ዓመት ከሆነ 2017 የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2016 ነው። አንድ የቦና ወቅት ደግሞ በነሐሴ ተጀምሮ በታኅሣሥ ስለሚያልቅ ሁለት ዓመት ይረግጣል። በየትኛው ይጠራ? ገበሬዎቹን ስንጠይቅ መልሳቸው አንድ አልነበረም። በመግለጫው «በሚታጨድበት ዓመት ይጠራል» ብለን ወሰንን፤ ትክክል ስለሆነ ሳይሆን አንድ መሆን ስላለበት ነው።

መለኪያ ያልተበየነበት ጽሑፍ ምን እንደሚያደርስ ባሌ ከማንም በላይ ያውቃል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መሬት በቀላድ ተለክቶ በጋሻ ይጻፍ ነበር። ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው ይባላል፤ በተግባር ግን እንደ አገሩና እንደ መሬቱ ልምላሜ ይለያይ ነበር። ግብሩም ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ በሚሉ ሦስት ቃላት ይወሰን ነበር፤ አንድን መሬት «ለም» የሚያሰኘው በብዙው የለኪው ዐይን ነበር። ልክ ያልተቀመጠለት ቃል በመዝገብ ላይ ሲሰፍር ቃሉን የሚተረጕመው ሥልጣን ያለው ሰው ይሆናል። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ዋቆ ጉቱና ሌሎች የመሩት የባሌ አመፅ ከብዙ ምክንያቶቹ አንዱ የመሬቱና የግብሩ ጉዳይ ነበር። የወኪሉን መግለጫ ከዚያ ጋራ ማወዳደሬ አይደለም። ዛሬ ግን በሮቤ ገበያ ብድር፣ ማዳበሪያና የእህል ዋጋ በስልክ ላይ ባለ ፕሮግራም የሚወሰንበት ጊዜ እየመጣ ነው። መዝገቡን አንብቦ የሚተረጕመው ወኪል ከሆነ፣ ቃሉን የሚበይነው መግለጫውን የጻፈው ሰው ነው።

ርዝመትና ቋንቋ

ከዚህ ሁሉ በኋላ መግለጫው አራት ገጽ ሆነ። ያን ጊዜ ሌላ ችግር መጣ። ወኪሉ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሙሉውን መግለጫ እንደገና ያነባል፤ የሚያነበውም ጽሑፉን በትንንሽ ቍራጭ ከፋፍሎ ነው። አብዛኞቹ ሞዴሎች የአማርኛን ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ብዙ ቦታ ስለሚቈራርጡት ወጪው ከፍ ይላል፤ ሲረዝምም መካከሉ ላይ ያለው ይዘነጋል። በእንግሊዝኛ ይጻፍ የሚሉ ነበሩ። ግማሽ ተስማማሁ። የስሌቱ ትእዛዝ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ግድ የለኝም፤ «ቦና»፣ «መጥቅዕ»፣ «ተውሳክ» ግን ተተርጕመው ሊገቡ አይችሉም። መጥቅዕን «ደወል» ብሎ የሚተረጕም እንግሊዝኛ ወኪሉን ወደ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ይልከዋል።

ስለዚህ ቈረጥን። ሳይነገር የሚታወቀውን አውጥተን የማይታወቀውን ብቻ ተውን። ለዚህ ዋነኛው ብልሃት የስሕተት መልእክቶቹን ማሻሻል ሆነ። ቀድሞ ፕሮግራሙ የማይገባው ነገር ሲቀርብለት «ስሕተት» ብቻ ይል ነበር፤ ወኪሉም ያንኑ ደጋግሞ ይልክ ነበር። አሁን «ዓመቱ በዓመተ ምሕረት መሆን አለበት፤ የሰጠኸው ከመዝገቡ ውጭ ነው፤ መዝገቡ ከ2009 እስከ 2017 ዓ.ም. ነው» ይላል። ይህም «ተሻገር!» የሚለው የየኔታ ድምፅ ነው፤ ሁሉን አስቀድሞ ከመናገር ይልቅ ተማሪው በተሳሳተበት ሰዓት የሚገባውን ብቻ መናገር።

በመጨረሻ የተከራከርነው ስለ ጉድለቶቹ ክፍል ነው። ወጣቱ መጻፉን አልወደደም። «ጋሼ፣ ሥራዬን ራሴ ላጣጥል?» አለኝ። የ1971ኙን መመሪያ አሳየሁት። ጥቂት አሰበና ተቀምጦ ጻፈ፦ «የ2012 ዓ.ም. የገና (ከመጋቢት እስከ ሐምሌ) ምርት በከፊል አልተመዘገበም፤ ዜሮ ማለት አልተመረተም ማለት አይደለም። ከጎባ በላይ ካሉ ቀበሌዎች መረጃ የለም። የአንዳንድ ገበሬዎች ማሳ በጥማድ ተጽፎ ወደ ሄክታር የተለወጠው በግምት ነው።» ከሥሩም እንደ ዩኒክሶቹ ባለቤቱን አስገባ፤ ስሙንና ሮቤን። «ሮቤ» የሚለውን ጽፎ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝና ከፊቱ «ባሌ» ጨመረበት።